ሚያዋዲ ታይላንድ አይደለችም

ሐዋሳ ውስጥ «ታይላንድ ሥራ ተገኘለት» የሚል ወሬ ያልገባበት ሰፈር ያለ አይመስለኝም። ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ፣ እንግሊዝኛና ፈጣን ጣት ብቻ የሚጠይቅ፣ በዶላር የሚከፈልበት፣ ትኬቱንም ቀጣሪው የሚቆርጥለት ሥራ። ችግሩ ታይላንድ የተባለው ቦታ ብዙ ጊዜ ታይላንድ ውስጥ አለመሆኑ ነው። ሞይ ከሚባል ቀጭን ወንዝ ማዶ፣ ሚያንማር በሚባል ሌላ አገር፣ ሚያዋዲ በምትባል የወሰን ከተማ ዙሪያ፣ የሚያንማር መንግሥት ራሱ በማያዝበት መሬት ላይ ነው። ስለ ደላሎቹ ብዙ ተወርቷል። ስለ መሬቱ ግን እምብዛም አልተወራም፤ አንድ መንግሥት በገዛ ወሰኑ ላይ እንዴት ባዳ እንደሚሆን ካልገባን ደግሞ ታሪኩ ሁሉ ተረት ይመስላል። ስለዚህ እዚህ የተጻፈው በአብዛኛው ስለ አገሩ ነው፤ ወደ ወንዙ መጨረሻ ላይ እንመለሳለን። ዓመቶቹም ቀኖቹም፣ አንድ ቦታ ላይ ካልሆነ በቀር፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስሙ። በኛ ሬዲዮና ጋዜጣ «ማይናማር» ይባላል፣ «ሚያንማር» ይባላል፤ በድሮው የትምህርት ቤት አትላስ ደግሞ «በርማ» ነው። ሁሉም አንድ አገር ነው። በአገሩ ቋንቋ ሁለቱ ስሞች የአንድ ቃል ሁለት አነጋገሮች ናቸው፤ አንዱ የጽሑፍ፣ አንዱ የአፍ። 1989 ላይ ወታደራዊው መንግሥት የውጭ መጠሪያውን ወደ ሚያንማር ለወጠው። በሰው ስም ግን ከፈረንጁ ይልቅ ለኛ ይቀርባሉ፤ የቤተሰብ ስም የላቸውም። እንዲያውም ከኛ ይብሳሉ፣ የአባት ስም ማስከተልም የለም። «ኡ» እንደ አቶ፣ «ዶ» እንደ ወይዘሮ ነው። ከ1961 እስከ 1971 የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ኡ ታንት ስማቸው ታንት ብቻ ነበር፤ ፈረንጆቹ ግን «ኡ» የመጀመሪያ ስማቸው እየመሰላቸው ሲደናገሩ ኖረዋል።

አሁን ወደ ካርታው። የሚያንማር ስፋት 676,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የኢትዮጵያን ስድሳ በመቶ ያህል። ሕዝቡ 54 ሚሊዮን አካባቢ ይገመታል። ከባንግላዴሽ፣ ከሕንድ፣ ከቻይና፣ ከላኦስና ከታይላንድ ይዋሰናል፤ ረጅሙ የታይላንዱ ወሰን ሲሆን ከ2,400 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ተራራው አገሩን ከምዕራብ፣ ከሰሜንና ከምሥራቅ እንደ ፈረስ ኮቴ ከቦታል፤ ክፍቱ ወደ ደቡብ፣ ወደ ባሕሩ ነው። በሰሜን ጫፍ ያለው ካካቦ ራዚ 5,881 ሜትር ነው፤ በረዶ አለበት። በኮቴው መሀል ሜዳው ተዘርግቷል፣ በሜዳው መሀል ደግሞ የኢራዋዲ ወንዝ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ይፈስሳል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቁልፉ እዚህ ላይ ነው፦ ነገሩ የኛ ተገላቢጦሽ ነው። እኛ ዘንድ መንግሥት ደጋ ላይ አድጎ፣ ዳር አገር የሚባለው ቆላው ሆነ። እነሱ ዘንድ መንግሥቱ የቆላ ልጅ ነው። ነገሥታቱ፣ ሩዙ፣ ፓጎዳው፣ ከተማው፣ ከሕዝቡ ሁለት ሦስተኛ ገደማ የሚሆነው የባማር ብሔረሰብ፣ ሁሉም ወንዙን ተከትሎ ሜዳ ላይ ነው። ደጋው የሌሎቹ ነው፤ በሰሜን የካቺን፣ በምሥራቅ የሻንና የካያ፣ በደቡብ ምሥራቅ የካረን፣ በምዕራብ የቺን። የራካይን ሕዝብ ደግሞ ከምዕራቡ ተራራ ጀርባ የራሱ የባሕር ዳርቻ አለው። የሜዳው ንጉሥ ጦሩን ተራራው እግር ድረስ ያደርሳል፤ ከዚያ በላይ ዝናቡ፣ ወባውና ጠመዝማዛው መንገድ ይመልሱታል። ዛሬ ያለው ጄኔራል ከጥንቱ ንጉሥ የሚለየው አውሮፕላን ስላለው ብቻ ነው።

«ሐሩራማ አገር» ሲባል ሁሉም ጫካ ይመስለናል፤ አይደለም። ከባሕር የሚመጣው የዝናብ ደመና መጀመሪያ የሚገጥመው የራካይንን ተራራ ነው፤ ስለዚህ በምዕራቡና በደቡቡ ዳርቻ በዓመት እስከ 5,000 ሚሊ ሜትር ይዘንባል። ከተራራው ጀርባ ያለው የመሀሉ ሜዳ፣ በማንደሌይና በባጋን ዙሪያ፣ ከ1,000 በታች ነው፤ አንዳንዱ ቦታ ሐዋሳ ከምታገኘው ያነሰ። ሰሊጥ፣ ለውዝና ዘንባባ የሚበቅልበት፣ እሾሃማ ቁጥቋጦ ያለበት አገር ነው፤ የስምጥ ሸለቆ ሰው ቢወርድበት ብዙም አይገርመውም። ክረምቱ ከግንቦት አጋማሽ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ጦርነቱም በዚሁ ይቆጠራል፦ ጭቃው ሲደርቅ፣ ከኅዳር በኋላ፣ መንግሥት ከባድ መሣሪያውን ወደ ደጋው ይጎትታል፤ ዝናቡ ሲገባ መንገዱ ይቆረጣል፣ ደመናው አውሮፕላኑን ያውረዋል፣ ያኔ ተራው የሸማቂው ነው።

ስለ ኢንሌ ሐይቅ ትንሽ ልቆይ፤ ሐዋሳ አሞራ ገደል ዳር ቆሞ ታንኳ ያየ ሰው ይወደዋልና። ኢንሌ በሻን ደጋ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 880 ሜትር ገደማ ያለ፣ ጥልቀቱ ጥቂት ሜትር ብቻ የሆነ ሐይቅ ነው። ዓሣ አጥማጁ ቁጭ ብሎ አይቀዝፍም። በታንኳዋ ጫፍ በአንድ እግሩ ይቆማል፣ ሌላኛውን እግሩን በመቅዘፊያው ላይ ይጠመጥምና በጭኑ ይገፋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሐይቁ ቄጠማና አረም የሞላው ስለሆነ ለተቀመጠ ሰው መንገዱ አይታየውም፣ ሁለቱ እጆቹም ለመረቡ ያስፈልጉታል። መረቡ በቀርከሃ የተወጠረ፣ እንደ ትልቅ ሾጣጣ ቅርጫት ያለ ነው፤ ሐይቁ ግርጌ ድረስ ይሰካውና በላይኛው ቀዳዳ እንጨት እየሰደደ ይቆሰቁሳል፤ የደነገጠው ዓሣ ሽቅብ ሲል መረቡ ውስጥ ይቀራል። በዚያው ሐይቅ ላይ ተንሳፋፊ እርሻ አላቸው። አረሙና ቄጠማው ተጠላልፎ የሚሠራውን ምንጣፍ በረጅም በረጅሙ ይቆርጡታል፣ በታንኳ ይጎትቱታል፣ በቀርከሃ ወጋግራ ወደ ሐይቁ ግርጌ ይቸነክሩታል፣ ከታች ያወጡትን ደለል ይቆልሉበታል፤ ከዚያ ቲማቲም ነው። ውኃው ሲሞላ እርሻው አብሮ ይነሳል። ጣጣው ደግሞ ማዳበሪያውና ፀረ ተባዩ በቀጥታ ሐይቁ ውስጥ መግባቱ፣ ያረጀው ምንጣፍም ቀስ በቀስ መሬት እየሆነ ክፍቱን ውኃ ማጥበቡ ነው፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከክፍቱ ውኃ አንድ ሦስተኛ ገደማ ሄዷል።

ሌላው የደጋው ሀብት እንጨት ነው፣ ቲክ። እርጥብ ቲክ ውኃ ላይ አይንሳፈፍም፤ ይሰምጣል። ስለዚህ ዛፉ ከመቆረጡ በፊት ግንዱ ዙሪያውን ይላጣል፣ ቅርፊቱም ሥር ያለው ነጭ እንጨትም ይቆረጣል፣ ከዚያ ቆሞ እስኪደርቅ እስከ ሦስት ዓመት ይተዋል። ከዚያ ዝሆን ወደ ወንዝ ይጎትተዋል፣ ጎርፍ ይወስደዋል፣ ኢራዋዲ ላይ ታስሮ እስከ ድሮዋ ዋና ከተማ ያንጎን ይንሳፈፋል። እንግሊዝ ወደ ሰሜን እንድትገፋ ካደረጓት ነገሮች አንዱ ይህ እንጨት ነበር፤ የ1885ቱ ጦርነት ሰበብ አንድ የእንግሊዝ የእንጨት ኩባንያ ላይ የተጣለ ቅጣት ነው። ሩቢው ሞጎክ፣ ጄድ የሚባለው አረንጓዴ ድንጋይ ፓካንት፣ ሁለቱም ተራራ ላይ ናቸው። ሀብቱ ዳር ላይ፣ መንግሥቱ መሀል ላይ። ይህን ይዘን ወደ ፖለቲካው።

እንግሊዝ በርማን በሦስት ጦርነት ቆርሳ ቆርሳ ነው የያዘቻት፦ 1824–26፣ 1852፣ 1885። የመጨረሻው ንጉሥ ቲባው ወደ ሕንድ ተጋዘ፣ እዚያው ሞተ። አገሩ እስከ 1937 እንደ አንድ የሕንድ ግዛት ተቆጥሮ ተዳደረ። ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። እንግሊዝ ሜዳውን በቀጥታ በራሷ ሹማምንት ገዛች፤ ተራራውን «የድንበር አካባቢ» ብላ ለየችና ሳውብዋ የሚባሉትን የሻን መሳፍንትና የካቺን ባላባቶችን በየወንበራቸው ተወቻቸው። ሁለት አስተዳደር፣ ሁለት ሕግ። ወታደር ስትመለምል ደግሞ ካረን፣ ካቺንና ቺንን አስቀደመች። ጃፓን በ1942 ስትገባ የባማር ብሔርተኞች ከጃፓን፣ ካረኖች ከእንግሊዝ ጋር ቆሙ፤ ኢራዋዲ ወደ ባሕር በሚገባበት ዴልታ ባሉ የካረን መንደሮች ላይ ደም ፈሰሰ። ነፃነት ሲመጣ ሁለቱ ወገኖች ጎረቤት እንጂ አንድ አገር ሆነው አያውቁም ነበር።

የነፃነት ትግሉ መሪ ጄኔራል አውንግ ሳን ይህን ለመስፋት ሞከረ። የካቲት 12 ቀን 1947 ፓንግሎንግ በምትባል የሻን ከተማ ከሻን፣ ከካቺንና ከቺን መሪዎች ጋር ተፈራረመ፤ ደጋው የውስጥ አስተዳደሩ የራሱ እንዲሆን። ካረኖች በታዛቢነት ብቻ ተገኙ። ስድስት ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 19፣ አውንግ ሳን በካቢኔ ስብሰባ ላይ ከሚኒስትሮቹ ጋር ተገደለ። የ1947ቱ ሕገ መንግሥት ለሻንና ለካሬኒ (የዛሬዋ ካያ) ከአሥር ዓመት በኋላ የመገንጠል መብት ሰጠ፤ ለካቺን ግን በግልጽ ከለከለ። አንቀጽ 39ን እየሰማ ላደገ ሰው የዚህ ክርክር ጣዕም አዲስ አይደለም። ልዩነቱ የነሱ መብት ቀን የተቆረጠለት መሆኑ ነበር፦ ነፃነት ጥር 4 ቀን 1948፣ ሲደመር አሥር፣ 1958። ካረኖች አልጠበቁም፤ በ1949 መጀመሪያ ጦርነት ገቡ። ያ ጦርነት እስከ ዛሬ አልተቋጨም። 1958 ሲደርስ ጠቅላይ ሚኒስትር ኡ ኑ ሥልጣኑን ለጊዜው ለጄኔራል ኔ ዊን አስረከቡ። መጋቢት 2 ቀን 1962፣ የሻን መሪዎች ያንጎን ውስጥ ስለ ፌዴራሊዝም ሊመክሩ በተሰበሰቡበት ሰሞን፣ ጄኔራሉ ለጊዜው ሳይሆን ለይቶለት ወሰደው።

የኔ ዊን ሶሻሊዝም ሱቅም ባንክም ወረሰ፤ በሩዝ ንግድ ከዓለም አንደኛ የነበረውን አገር 1987 ላይ ከዓለም ድሆች መዝገብ ውስጥ አስገባው። ያንኑ ዓመት በመስከረም የ25፣ የ35 እና የ75 ቻት (የአገሩ ገንዘብ ነው) ኖቶች በአንድ ቀን ዋጋ ቢስ ሆኑ። ምትክ የለም፣ ባንክ ወስዶ መቀየር የለም። በቦታቸው የ45 እና የ90 ኖት ወጣ፤ ምክንያቱ 9 የጄኔራሉ የዕድል ቁጥር ስለሆነ ነበር። (እኛ በኛ አቆጣጠር 2013 መስከረም ላይ ብር ሲቀየር ሦስት ወር ተሰጥቶን እንኳ ወረፋው ምን እንደሚመስል እናስታውሳለን።) ትራስ ውስጥ የተቀመጠው የገበሬ ጥሪት፣ የተማሪው ክፍያ፣ ሁሉም ወረቀት ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ 8 ቀን 1988 አገሩ በሰልፍ ተናወጠ፤ ወታደሩ በብዙ ሺህ የሚገመት ሰው ገድሎ በመስከረም ሥልጣኑን በአዲስ ስም ያዘ። በ1990 ምርጫ ተደረገ፤ የአውንግ ሳን ልጅ የምትመራው ፓርቲ ከ492 መቀመጫ 392ቱን አሸነፈ። ውጤቱ ወደ ጎን ተደረገ። አውንግ ሳን ሱ ቺ በቤት ውስጥ እስር ሳለች 1991 ላይ የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጣት።

2005 ላይ ጄኔራሎቹ ዋና ከተማውን ከያንጎን 320 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን፣ ኔፒዶ ወደሚባል ባዶ ሜዳ አዛወሩ። ሃያ መስመር ያለው፣ መኪና የማይታይበት አውራ ጎዳና የሚታየው እዚያ ነው። ብዙ ሰው እብደት ይለዋል። ካርታውን ላየ ሰው እብደት አይደለም፤ ከባሕር የራቀ፣ ሰልፍ ከሚወጣበት ሕዝብ የራቀ፣ ከሻን፣ ከካያና ከካረን ተራራ ግን በቅርብ ርቀት ያለ ቦታ ነው። ካምፕ ነው፤ ሚኒስቴሮች የተጨመሩበት።

የ2008ቱ ሕገ መንግሥት ሒሳብ ጥሩ ስለሆነ ቁጥሩን ልዘርዝረው። የታችኛው ምክር ቤት 440 መቀመጫ አለው፤ 110ሩ የወታደሩ ነው፣ ያለ ምርጫ። የላይኛው 224 አለው፤ 56ቱ የወታደሩ። ሁለቱም ልክ 25 በመቶ። ዋና ዋና አንቀጾችን ለማሻሻል ደግሞ «ከ75 በመቶ በላይ» ድምፅ ይጠይቃል። ሲቪሎቹ አንድ ሳይጎድሉ ቢሰለፉ ልክ 75 ናቸው፣ በላይ አይደሉም፤ የግድ አንድ ወታደር መክዳት አለበት። በዚያ ላይ የመከላከያ፣ የአገር ውስጥና የድንበር ጉዳዮች ሚኒስትሮችን የሚመርጠው የጦሩ አዛዥ ነው። ሕዝበ ውሳኔው የተደረገው ናርጊስ የተባለው አውሎ ነፋስ ዴልታውን ጠራርጎ 138,000 ያህል ሰው ከገደለና ካጠፋ በሳምንቱ ነበር። 92 በመቶ ደገፈ ተባለ።

በዚህ ሕግ ሥር የመጣው «ሽግግር» አሥር ዓመት ቆየ። 2011 ላይ በኢራዋዲ መነሻ ሊሠራ የነበረው 6,000 ሜጋ ዋት የሚትሶን ግድብ በሕዝብ ተቃውሞ ታገደ፤ 90 በመቶው ኤሌክትሪክ ወደ ቻይና የሚሄድ ነበርና፣ እኛ ለሕዳሴው ቦንድ ስንገዛ እነሱ በግድባቸው ላይ ሰልፍ የወጡት ለዚህ ነው። በ2015 ሱ ቺ አሸነፈች። በ2017 ጦሩ በራካይን በሮሂንጋ ሙስሊሞች ላይ ባደረገው ዘመቻ ከ700,000 በላይ ሰው ወደ ባንግላዴሽ ተሰደደ፤ የ1982ቱ የዜግነት ሕግ ቀድሞውኑ አገር አልባ አድርጓቸው ነበር፣ መንግሥት ከሚቆጥራቸው 135 ብሔረሰቦች መካከልም የሉም። ሱ ቺ በዚህ ጉዳይ ሄግ ድረስ ሄዳ ለጦሩ ተከራከረች። ጦሩ ውለታ አልቆጠረላትም፦ በኅዳር 2020 ምርጫ ፓርቲዋ ከ476 መቀመጫ 396ቱን ሲወስድ፣ የካቲት 1 ቀን 2021 አዲሱ ፓርላማ ሊከፈት ባለበት ጠዋት የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ሚን አውንግ ህላይንግ ሁሉንም አሰረ።

ከዚያ ወዲህ የተለወጠው አንድ ትልቅ ነገር አለ። ድሮ የሚሸፍተው ደጋው ብቻ ነበር፤ አሁን የባማሩ ሜዳ ራሱ፣ ሳጋይንና ማግዌይ፣ መሣሪያ አነሳ። ጦሩ የሚመለምልበትን ቤት አጣ፤ በየካቲት 2024 የግዳጅ ምልመላ ያወጀው ለዚህ ነው። በጥቅምት 27 ቀን 2023 ሦስት የብሔር ጦሮች በሰሜን ሻን ተባብረው ተነሱ። በጥር 2024 በቻይና ወሰን ያለችውን ላውካይን፣ በነሐሴ የላሾን ከተማ ከነወታደራዊ ዕዙ ያዙ። ላሾ በቻይና ግፊት ሚያዝያ 2025 ተመለሰ። በራካይን የአራካን ጦር ከ17 ወረዳ 14ቱን ይዟል። መጋቢት 28 ቀን 2025 ደግሞ 7.7 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ሳጋይንና ማንደሌይን መታ፤ ከ3,000 በላይ ሰው ሞተ። በታኅሣሥ 2025 ማብቂያ ጦሩ ምርጫ ጀመረ፣ እጁ በሚደርስበት ወረዳ ብቻ፣ በዙር በዙር።

ሁሉም ታጣቂ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ይህን ሳይለዩ ዜናውን መከታተል አይቻልም። በቻይና ወሰን ያሉት ዋዎች ከ20,000 በላይ ጦር አላቸው፣ የሚገበያዩት በቻይና ዩዋን ነው፣ ሰዓታቸውም የቻይና ነው። በሕገ መንግሥቱ «ራስ ገዝ ክፍል» ተብለዋል፤ የሚጠይቁት ክልል መሆን ነው። ይህን ጥያቄ ለሐዋሳ ሰው ማብራራት አያስፈልግም። ሌሎቹ ከጦሩ ጋር ይዋጋሉ። ሌሎቹ ደግሞ ከጦሩ ጋር ተስማምተው የድንበር ዘብ ሆነዋል፤ ወደ ሞይ ወንዝ የሚያደርሰን ይኸኛው ነው።

የካረን ብሔራዊ ኅብረት ለአሥርት ዓመታት የታይላንድን ወሰን ይዞ፣ ከሚያልፈው ንግድ ቀረጥ እየቆረጠ፣ ማነርፕሎ ላይ ዋና ሰፈሩን አቋቁሞ ኖሯል። መሪዎቹ በአብዛኛው ክርስቲያን፣ ተራ ተዋጊው በአብዛኛው ቡድሂስት ነበር። በታኅሣሥ 1994 ቡድሂስቶቹ ተነጥለው ከጦሩ ጋር ወገኑ፣ በወሩ ማነርፕሎ ወደቀ። የተነጠለው ቡድን ዋና ክፍል በ2010 «የድንበር ዘብ ኃይል» ተባለ፤ ስሙ የመንግሥት፣ መሬቱና ገቢው የራሱ። ከሚያዋዲ በስተሰሜን ሽዌ ኮኮ ላይ ከ2017 ጀምሮ የቻይና ገንዘብ ያለበት የቁማር ከተማ ተገነባ። ኮሮና ወሰኑን ሲዘጋ ቁማርተኛው ቀረ፤ ሕንፃው ግን ኪራይ ይፈልጋል፣ ኢንተርኔት ደግሞ አለ። በቁማርተኛው ቦታ በስልክ ሰው የሚያጭበረብር ሠራተኛ ተተካ። ላውካይ ስትወድቅ ቻይና በሰሜን የነበሩትን እንዲህ ያሉ የማጭበርበሪያ ግቢዎች አስጠራረገች፤ ከንግዱ ብዙው ወደ ደቡብ፣ ወደ ሚያዋዲ ዞረ። ቻይናዊ ማጥመድ ሲከብድ እንግሊዝኛ የሚተይብ ጣት ተፈለገ። የኛ ልጆች የሚፈለጉት እዚህ ላይ ነው።

በየካቲት 2025 ታይላንድ ወደ ማዶ የምትሸጠውን ኤሌክትሪክ፣ ኢንተርኔትና ነዳጅ ቆረጠች። ጄኔሬተርና የሳተላይት ሳህን ተተካ። በዚያው ወር ታጣቂዎቹ 7,000 ያህል ሰው ከግቢዎቹ አወጡ፤ መጀመሪያ ከተሻገሩት 260 ሰዎች መካከል ከመቶ በላይ የሆኑት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከወጡት ብዙዎቹ ግን ሞይን ለመሻገር ሳምንታት ጠበቁ፤ ታይላንድ የምትቀበለው አገሩ የሚረከበውን ሰው ብቻ ነበር፣ በቅርብ ኤምባሲ የሌለው ሰው ደግሞ ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው። በጥቅምት 2025 ጦሩ ኬኬ ፓርክ የሚባለውን ግቢ ገብቶ አፈረሰ፣ ስታርሊንክ የሚባለው የሳተላይት ኢንተርኔት ባለቤት ኩባንያም ከ2,500 በላይ መሣሪያ አጠፋ። ንግዱ ግን ድንኳን ነው፤ ይነቀላል፣ ሌላ ቦታ ይተከላል።

አሁን ለሚሄድም፣ ለሚልክም የሚጠቅመው። ከባንኮክ እስከ ወሰን ከተማዋ ሜሶት 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከሐዋሳ ሞያሌ እንደማለት። «ሥራው ባንኮክ ነው» ተብሎ ከአየር ማረፊያ የወጣ መኪና ሰባት ስምንት ሰዓት ወደ ሰሜን ምዕራብ ከነዳ መልሱ ተገኝቷል። የሥራ ቦታው «ሜሶት» ወይም «ታክ ግዛት» ከተባለም ያው ነው፤ ሜሶት ያሉ ፋብሪካዎች ከማዶ የተሰደደ የሚያንማር ሠራተኛ በርካሽ ሞልቶላቸው ሳለ ከኢትዮጵያ ትኬት ቆርጠው ሰው አያመጡም። ታይላንድ በሕግ ለመሥራት ከመነሳት በፊት የሚገኝ «ቢ» የሚባል ቪዛና ከዚያ የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በቱሪስት ቪዛ አስገብቶ «እዚያ ይስተካከላል» የሚል ቀጣሪ አያስተካክልም።

ሞይ በበጋ በእግር የሚሻገሩት ወንዝ ነው፤ ከመሀሉ ወዲያ ሚያንማር ነው። ድልድይ አለው፣ የሚወሰደው ሰው ግን በድልድዩ አይሄድም፤ በሌሊት በጀልባ ነው። በዚህም ሁለት በደል አንድ ላይ ይመጣበታል። ፓስፖርቱ ላይ የታይላንድ መውጫ ማኅተም የለም፣ ስለዚህ ታይላንድ ውስጥ እንዳለ ተቆጥሮ ከተፈቀደው ቀን በኋላ በየቀኑ 500 ባት፣ እስከ 20,000 ባት ድረስ ይቆጠርበታል። የሚያንማር መግቢያ ማኅተምም የለም፣ እዚያም ሕገ ወጥ ነው። አምልጦ ሲመለስ ለታይላንድ ፖሊስ በመጀመሪያ ማለት ያለበት በሰው ንግድ ተጎጂ መሆኑንና ማጣራት እንዲደረግለት መጠየቁን ነው፤ ያ ማጣሪያ ሥርዓት በሕግ አለ፣ ሳይጠየቅ ግን እንደ ተራ ሕገ ወጥ ስደተኛ ይታያል።

ቤት ሆኖ ለሚጠብቅ ደግሞ፣ ስልክ ላይ ያለውን ሰዓት መጠየቅ ጥሩ ነው። ታይላንድ ከኛ 4 ሰዓት ትቀድማለች፣ ሚያንማር 3 ሰዓት ተኩል። ሐዋሳ ከቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን ባንኮክ 10፣ ያንጎን 9 ተኩል ነው። ግን በዚህ ብቻ አትተማመኑ፤ ወንዙ ዳር ያለ ስልክ ከታይላንድ በኩል ያለውን ማማ ስለሚይዝ ማዶ ሆኖም የባንኮክን ሰዓት ያሳያል። የስልክ ቁጥሩም 66 ብሎ ሊጀምር ይችላል፤ ሚያንማር 95 ነው፣ የታይላንድ ሲም ግን እዚያም ይሠራል። የማይዋሸው ካርታ ላይ የሚላክ የቦታ ምልክት ነው፦ ሞይን አጉሉት፣ ነጥቡ ከወንዙ በስተምዕራብ ካረፈ ሚያንማር ነው። መንገድ የሚታይበት ቪዲዮ ከተላከም መኪናውን እዩ፤ ታይላንድ በግራ ይነዳል፣ ሚያንማር እንደኛው በቀኝ። የሚያንማሮቹ ብዙዎቹ ከጃፓን የመጡ አሮጌ መኪኖች ስለሆኑ መሪያቸው በቀኝ ነው፤ እሱ አያሳስታችሁ፣ የሚታየው በየትኛው የመንገዱ ጎን እንደሚሄዱ ነው።